እሳት የሚይዝ በረዶ፦ ከጥልቅ ባሕር ሥር ነዳጅ ማውጣት

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ለ15 ሰከንድ ከፍ ብሎ ይሰማና ከድምፅ በታች ዝቅ ይበል)

ሥራ ላይ ያላችሁ ሥራችሁን ሳታቋርጡ፣ ቤት ያላችሁም ቡናችሁን ፉት እያላችሁ ተከተሉኝ።

(ሙዚቃው ቀስ እያለ ይጥፋ)

ዛሬ ሩቅ ቦታ ልወስዳችሁ ነው። ከመሄዳችን በፊት ግን ብዙዎቻችሁ በምታውቁት መንገድ እንጀምር።

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የተጓዘ ሰው የአባይን በረሃ ያውቀዋል። ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ነፋስ አለ። መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር በየመጠምዘዣው ሙቀቱ ይጨምራል፤ ጋቢው ይወልቃል፣ መስኮቱ ይከፈታል። ጆሮ ድፍን ይላል፤ ምራቅ ዋጥ ሲያደርጉ ይለቃል። ድልድዩ ጋ ሲደረስ ከ1,400 ሜትር የማያንስ ቁልቁል ተወርዷል።

አሁን ዓይናችሁን ጨፈን አድርጉና ያ ገደል ከአፍ እስከ ገደፉ ውሃ ሞልቶት አስቡ። ጨዋማ ውሃ። እናንተ ላይ፣ ጎሐ ጽዮን አጠገብ፣ መርከብ ላይ ቆማችኋል። እዚያ ታች ድልድዩ በነበረበት ቦታ ጉድጓድ መቆፈር አለባችሁ። የምትፈልጉት ዘይት ደግሞ ወለሉ ላይ አይደለም ያለው፤ ከወለሉ በታች ገና 4,000 ሜትር ድንጋይ ይቀራችኋል።

በምን ትቆፍራላችሁ? ማን ይወርዳል? አንድ ነገር ቢበላሽ ማን ያስተካክለዋል?

(ለአፍታ ዝምታ)

በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ከአሜሪካዋ የሉዊዚያና ግዛት ዳርቻ ወዲያ ራቅ ብሎ የተቆፈረው ማኮንዶ የተባለው ጉድጓድ ልክ እንደዚህ ነበር። የውሃው ጥልቀት 1,500 ሜትር፣ ከዚያ በታች 4 ኪሎ ሜትር ድንጋይ። ስሙን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

የዛሬው ርእሳችን ከጥልቅ ባሕር ሥር ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ለማውጣት መሐንዲሶች የሚጋፈጡት ችግር ነው። ባሕር የሌለው አገር ሕዝብ ይህ ምን ይሠራለታል የሚል አይጠፋም። ከጅቡቲ በቦቴ እየተጫነ የሚመጣልን ቤንዚንና ናፍጣ ዋጋው የሚወሰነው በዓለም ገበያ ነው፤ እዚያ ገበያ ውስጥ ደግሞ ከጥልቅ ባሕር የሚወጣው ዘይት የራሱ ድርሻ አለው።

ሦስት ነገሮችን አደራ እላችኋለሁ፤ ደጋግሜ አነሣቸዋለሁ። ግፊት። ብርድ። የሰው እጅ አለመድረሱ። ግፊት፣ ብርድ፣ የሰው እጅ አለመድረሱ። በተለይ ብርዱን አትርሱብኝ። የምጠራቸው ዓመታትም፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(አጭር የክራር ድምፅ)

ከግፊት እንነሣ። የአባይን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሯችንን የደፈነው ምንድን ነው? የአየር ክብደት ነው። ዝቅ ባልን ቁጥር በላያችን የሚቆለለው አየር ይበዛል። አየር ግን ቀላል ነው። ያን ሁሉ ጥምዝምዝ ወርደን ጆሯችን ላይ የተጨመረው ግፊት፣ አንድ ልጅ አንድ ሜትር ተኩል ውሃ ውስጥ ጠልቆ ከሚሰማው አይበልጥም። የአባይ በረሃ በሙሉ በአንድ ሜትር ተኩል ውሃ! ውሃ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አያችሁ?

ውሃ ውስጥ በወረዳችሁ በየ10 ሜትሩ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል ስፋት ላይ አንድ ኪሎ ገደማ ይጨመራል። 1,500 ሜትር ላይ 150 ኪሎ ይሆናል። በአንዲት ጥፍር ላይ አንድ ኩንታል ተኩል ጤፍ እንደ መጫን ነው። በሌላዋም ጥፍር ላይ እንዲሁ። በመዳፍ ላይ፣ በደረት ላይ፣ በጀርባ ላይ እንዲሁ።

ሰው እዚያ መሥራት አይችልም። ልዩ ጋዝ እየተነፈሱ የሚሠሩ የሠለጠኑ ጠላቂዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ300 ሜትር እምብዛም አያልፉም። በ1988 የፈረንሳይ ጠላቂዎች ለሙከራ ባሕር ውስጥ 534 ሜትር ደርሰዋል። ያም ቢሆን የማኮንዶን ጥልቀት ሲሶ ብቻ ቢያልፍ ነው።

ስለዚህ እዚያ የሚሠራው ሮቦት ነው። ረጅም ገመድ ከላይ ካለች መርከብ ጋር አያይዞታል፤ በገመዱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይወርዳል፣ የካሜራው ምስል ይወጣል። አንድ ሰው መርከቧ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ስክሪን እያየ፣ የሮቦቱን የብረት ክንድ ያዝዛል። አንዲት ብሎን ለማጥበቅ፣ አንድ ቫልቭ ለመዝጋት መንገዱ ይኸው ነው። ብሎኗ ከእጁ ካመለጠች ጎንበስ ብሎ የሚያነሣት የለም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጉድጓዱ የሚቆፈርበት፣ ዘይቱም የሚወጣበት የነዳጅ መድረክ ራሱ በምን ይቆማል?

(የማዕበል ድምፅ፤ ለ5 ሰከንድ)

መጀመሪያ ላይ ሰዎች ባሕሩን በእግር ረገጡት ማለት ይቻላል። በ1947 ከሉዊዚያና ዳርቻ መሬት ከዓይን በሚጠፋበት ርቀት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ዘይት ሲያገኙ፣ የውሃው ጥልቀት 6 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። መድረኩ ወለሉ ላይ በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ ቆመ። ከዚያ እግሮቹ እየረዘሙ፣ እየረዘሙ ሄዱ። በ1988 ቡልዊንክል የሚባለው የብረት መድረክ 412 ሜትር ውሃ ውስጥ ተተከለ፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ 529 ሜትር ይረዝማል። የህዳሴ ግድባችን ቁመት 145 ሜትር ነው፤ ከሦስት ተኩል የሚበልጥ ግድብ በላይ በላይ ብትደረድሩ ነው እዚያ የምትደርሱት። በግትር የብረት እግር ከዚህ ጥልቀት ያለፈ የለም።

ከዚያ ወዲያ እግር ቀረና መንሳፈፍ መጣ። ለምሳሌ ፔርዲዶ የሚባለውን እንውሰድ፤ እሱም በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነው፣ በ2010 መጋቢት ማብቂያ ላይ ዘይት ማውጣት ጀመረ። የውሃው ጥልቀት 2,450 ሜትር። መድረኩን የተሸከመው 170 ሜትር የሚረዝም፣ እንደ በርሜል ድቡልቡል የሆነ፣ ቀጥ ብሎ ውሃ ውስጥ የቆመ ብረት ነው። ክብደቱ ከታች ስለሆነ አይገለበጥም። በዘጠኝ ገመዶች ከባሕሩ ወለል ጋር ታስሯል፤ እያንዳንዱ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል።

ገመዶቹ በአብዛኛው ከምን ተሠሩ መሰላችሁ? ከፖሊስተር! ሸሚዛችሁ አንገት ላይ በተሰፋችው ምልክት የሚጻፈው ያው ፖሊስተር። ምክንያቱም የብረት ሰንሰለት ሦስት ኪሎ ሜትር ሲንጠለጠል የራሱ ክብደት ብቻ መድረኩን ቁልቁል ይጎትተዋል፤ ፖሊስተር ግን ውሃ ውስጥ ብዙም አይከብድም። ይህን ሳነብ ተገርሜ ነበር፤ አሁንም ይገርመኛል።

የቁፋሮ መርከቦችና መድረኮች ደግሞ ጭራሽ የማይታሰሩበት ጊዜ አለ። የጣና ባለ ታንኳ ነፋስ በበዛበት ቀን ቦታውን ላለመልቀቅ እንዴት እንደሚቀዝፍ አይታችኋል? እነሱም እንዲሁ ናቸው። ከሳተላይት የሚመጣ ምልክት ያሉበትን ቦታ እየነገራቸው፣ ኮምፒዩተሩ ከሥር ያሉትን ሞተሮች ወዲህና ወዲያ እያዞረ፣ ማዕበልና ነፋስ ቢገፋቸውም ከጉድጓዱ አናት ንቅንቅ አይሉም። ማኮንዶን የቆፈረው ዲፕ ዎተር ሆራይዘን የተባለው መድረክ እንዲህ ዓይነት ስምንት ሞተሮች ነበሩት።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ብርዱ እንሂድ። አደራ ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው።

የአባይን በረሃ ስትወርዱ ሙቀት ይጨምራል። ባሕር ግን ተቃራኒው ነው። የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከላይ በበጋ ለዋና የሚጋብዝ ሙቅ ውሃ ነው። የፀሐይ ብርሃን ግን ሩቅ አይወርድም። 1,500 ሜትር ላይ ውሃው 4 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የፍሪጅ ውስጥ ብርድ። ከላይ የሚወርደው ቧንቧ ሁሉ በዚህ ብርድ ተከቧል። ከድንጋዩ ውስጥ የሚወጣው ዘይት በበኩሉ ትኩስ ነው፤ በማኮንዶ ከ100 ዲግሪ በላይ ነበር።

ትኩስ ነገር ድንገት ብርድ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? የደጋ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። ማታ የቀለጠ ቅቤ ጠዋት ማሰሮው ውስጥ ረግቶ ይገኛል። ድፍድፍ ዘይት ውስጥም እንደ ሻማ ሰም ያለ ነገር አለ። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ከቧንቧው ግድግዳ ላይ እየረጋ፣ እየረጋ፣ መንገዱን ያጠብበዋል። ለዚህ ነው ቧንቧውን እንደ ሻይ ፔርሙዝ ድርብ አድርገው የሚሠሩት፤ ቧንቧ በቧንቧ ውስጥ፣ በመካከሉ ሙቀት የማያሳልፍ ነገር። ሰሙን የሚፍቅ፣ ልክ በቧንቧው ስፋት የተሠራ መጥረጊያም በየጊዜው በውስጡ ይነዱበታል። የሙያው ሰዎች ይህን መጥረጊያ ፒግ፣ ማለት አሳማ፣ ይሉታል።

ሰም ግን የሚለመድ ችግር ነው። ከሰም የባሰ አለ።

(ለአፍታ ዝምታ)

ስሙ ሃይድሬት ይባላል። ሲያዩት በረዶ ነው። ነጭ ነው፤ ይቀዘቅዛል። ክብሪት ቢጭሩበት ግን በእሳት ይያያዛል። እሳት የሚይዝ በረዶ!

እንዴት ይሆናል? ውሃ፣ የተፈጥሮ ጋዝና ከፍተኛ ግፊት አንድ ላይ ሲገናኙ፣ ብርዱም ሲያግዝ፣ የውሃው ቅንጣቶች ተያይዘው ትናንሽ ቆጥ ይሠራሉ። በእያንዳንዱ ቆጥ ውስጥ አንዲት የጋዝ ቅንጣት ትታሠራለች። እንዲህ እየተደራረበ ጠጣር ይሆናል። አንድ ሊትር ሃይድሬት 160 ሊትር ገደማ ጋዝ አምቆ ይይዛል።

ልብ አድርጉልኝ። ተራ ውሃ በረዶ የሚሆነው በዜሮ ዲግሪ ነው። ሃይድሬት ግን ግፊቱ ከፍተኛ ከሆነ ከዜሮ በላይም፣ ከ10 ዲግሪ በላይም ይረጋል። ማለት ግፊትና ብርድ፣ እነዚያ ሁለቱ ጠላቶቻችን፣ እዚህ ጋ ተባበሩ። ጥልቁ ባሕር ሃይድሬት የሚፈልገውን ሁሉ አሟልቶ ይጠብቀዋል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1934 ሐመርሽሚት የሚባል አሜሪካዊ የኬሚካል መሐንዲስ፣ በብርድ ወቅት የጋዝ ቧንቧዎችን እየደፈነ ያስቸገረው ተራ በረዶ ሳይሆን ሃይድሬት መሆኑን አሳየ። ያኔ ቧንቧዎቹ የብስ ላይ ነበሩ፤ ሰው በእጁ ይደርስባቸዋል። ያም ሆኖ ቧንቧውን የደፈነውን ግግር ማስወገድ ቀላል አይደለም። በአንዱ ወገን ብቻ ግፊቱን ከቀነሱ፣ የረጋው ግግር በሌላው ወገን ባለው ጋዝ ተገፍቶ በቧንቧው ውስጥ እንደ ጥይት ይስፈነጠራል።

ታዲያ ምን ይሻላል? አስቀድሞ መከላከል ነው። እንዴት እንደሚከላከሉት ደግሞ ኖርዌይ ሄደን እንይ።

(ሙዚቃ ከፍ ይበልና ዝቅ ይበል)

በ1997 ከኖርዌይ ዳርቻ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ኦርመን ላንገ የተባለ ትልቅ የጋዝ መስክ ተገኘ። ጥልቀቱ ከ800 እስከ 1,100 ሜትር። ወለሉ ላይ ያለው ውሃ ከዜሮ ዲግሪ በታች ነው፤ ግን በረዶ አይሆንም። ለምን? መልሱን ለመጨረሻ አቆዩልኝ።

ቦታው ሌላ ጉድም ነበረው። ከ8,000 ዓመታት በፊት እዚያ የባሕሩ ወለል ተንዷል። ስቶሬጋ ይሉታል፤ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ትልልቅ የባሕር ሥር ናዳዎች አንዱ ነው። ያስነሣው ማዕበል ስኮትላንድ ድረስ ደርሶ በምድሩ ላይ የአሸዋ ንጣፍ ትቷል። የጋዙ መስክ ያለው እዚያው ናዳው በተወው ጠባሳ ውስጥ ነው።

እናንተ ብትሆኑ እዚያ ትቆፍራላችሁ? ቁፋሮው ሌላ ናዳ ቢያስነሣስ? መሐንዲሶቹም ይህንኑ ጠይቀው፣ ከመጀመራቸው በፊት ለዓመታት አስጠኑ። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ፣ ለዚያ ናዳ ምክንያት የሆነው በበረዶ ዘመን የተከመረው ደለል እንደሆነ፣ ያም ክምር አንድ ጊዜ ተንዶ ስላለቀ እንደዚያ ያለ ናዳ ዳግም እንዲመጣ ሌላ የበረዶ ዘመን እንደሚያስፈልግ ነበር። ያኔ ነው ሥራው የተፈቀደው። ይህን ጉዳይ ሳነሣ ደስ የሚለኝ፣ ጥያቄው ከቁፋሮው በፊት መጠየቁ ነው።

ናዳው ግን ወለሉን ገደልና ጉብታ አድርጎት ነበር። ቧንቧ ከጉብታ ወደ ጉብታ ቢዘረጋ መካከሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የባሕሩ ጅረት እያርገበገበ ብረቱን ያደክመዋል፣ አንድ ቀን ይሰብረዋል። ስለዚህ ሸረሪት የሚል ስም የተሰጠው፣ ከላይ ከመርከብ የሚታዘዝ ቆፋሪ ማሽን እዚያ ጨለማ ውስጥ ወርዶ መንገድ ጠረገ።

ሃይድሬቱስ? ሁለት ወፍራም ቧንቧዎች ጋዙን ወደ የብስ ያመጣሉ። ከእነሱ ጎን ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች ተቃራኒውን ይሄዳሉ፤ ከየብስ ወደ ጉድጓዶቹ። የሚወስዱት ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ ነው። ሾፌሮች ታውቁታላችሁ፤ በራዲያተር ውስጥ ከሚጨመረው ኩላንት ጋር አንድ ዘር ነው። ግላይኮሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ከጋዙ ጋር ይደባለቅና ውሃው ቆጥ እንዳይሠራ ያደርገዋል። ከጋዙ ጋር ተጉዞ ኒሃምና የሚባለው የባሕር ዳር ፋብሪካ ሲደርስ ውሃውን አትንነው፣ ግላይኮሉን አጥርተው፣ መልሰው ይልኩታል። ዞሮ ዞሮ ያው ግላይኮል ነው።

ጋዙ በ2007 መፍሰስ ጀመረ። ከኒሃምና ተነሥቶ በባሕር ሥር 1,166 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እንግሊዝ አገር ይገባል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚደርሰው የባቡር ሐዲድ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን አስታውሱና አስተያዩት። ሥራ ሲጀምርም ከባሕሩ ላይ የሚታይ አንድም መድረክ አልነበረም። ዓሣ አጥማጁ በላዩ ሲያልፍ ከሥሩ ምን እየተሠራ እንደሆነ አያይም።

(የማዕበል ድምፅ፤ ከዚያ ሙሉ ዝምታ)

አሁን ወደ ማኮንዶ እንመለስ።

በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 12 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው፤ በእነሱ ኤፕሪል 20 ቀን 2010። ዲፕ ዎተር ሆራይዘን ላይ 126 ሰዎች ነበሩ። ቁፋሮው አልቋል። ጉድጓዱን ለጊዜው ዘግተው ሊሄዱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቁፋሮ ጭቃ ልንገራችሁ። ሲቆፈር ጉድጓዱ ባዶ አይሆንም፤ ሆን ተብሎ በከባድ ጭቃ ይሞላል። ጭቃው በክብደቱ ከታች ያለውን ዘይትና ጋዝ ተጭኖ ይይዘዋል። ጭቃው ከቀለለ ጋዙ አሸንፎ ይገባል። ከከበደ ደግሞ ድንጋዩን ይሰነጥቅና ራሱ ጭቃው በስንጥቁ ይጠፋል። መሐንዲሱ በሁለቱ መካከል ባለች መንገድ ይሄዳል። በጥልቅ ባሕር ይህች መንገድ በጣም ትጠባለች። ለምን? የብስ ላይ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን ድንጋይ ከላይ የሚጫነው ድንጋይ ነው፤ እያጠበቀ ያጠነክረዋል። ባሕር ላይ ግን የመጀመሪያው 1,500 ሜትር ውሃ ነው። ውሃ ከድንጋይ ይቀልላል። ስለዚህ ከታች ያለው ድንጋይ ቶሎ ይሰነጠቃል። ማኮንዶ ሲቆፈር ጭቃው በተደጋጋሚ በስንጥቅ ጠፍቶባቸው ነበር።

ያን ቀን ከታች በሲሚንቶ ደፍነውታል። ሲሚንቶው መያዝ አለመያዙን ለማወቅ የግፊት ፈተና አደረጉ። መለኪያው ግፊት እንዳለ አሳየ። ሲሚንቶው ይዞ ቢሆን ኖሮ ያ ግፊት መኖር አልነበረበትም። ሰዎቹ ግን ተወያይተው፣ ለቁጥሩ ሌላ ምክንያት ሰጥተው፣ ፈተናውን አልፏል አሉ። ከዚያ ከባዱን ጭቃ እያወጡ በቀላሉ የባሕር ውሃ መተካት ጀመሩ።

ምን እንደሚሆን ገመታችሁ? ከላይ የሚጫነው ክብደት ቀለለ። ጋዙ ገባ። ጋዝ ደግሞ ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ እየቀነሰለት ስለሚሄድ ያብጣል። የተናጠ ለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንዴት እንደሚገነፍል አስቡ። በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ጭቃውና ጋዙ መድረኩ ላይ ገንፍሎ ወጣ። ጋዙ እሳት አገኘ።

(ዝምታ፤ 5 ሰከንድ)

11 ሰዎች ሞቱ። 115ቱ ተረፉ። መድረኩ ሁለት ቀን ነዶ ሰጠመ።

የመጨረሻ መከላከያ አልነበረም ወይ? ነበረ። በጉድጓዱ አፍ ላይ ባለ አምስት ፎቅ ቤት የሚያህል የቫልቮች ክምር ቆሟል። ሁሉ ነገር ሲከሽፍ ግዙፍ የብረት ምላጮች ቧንቧውን ቆርጠው ጉድጓዱን እንዲዘጉ ነው የተሠራው። በኋላ አውጥተው ሲመረምሩት፣ ከታች የመጣው ግፊት ቧንቧውን አጉብጦ ወደ ጎን ገፍቶት ነበር። ምላጮቹ ቧንቧውን መካከል ላይ አላገኙትም። በከፊል ቆረጡ፤ ጉድጓዱ አልተዘጋም።

የብስ ቢሆን ሰው ይሮጣል፣ መኪና ይጠራል፣ በእጁ ይሞክራል። እዚያ ግን እጅ አይደርስም። ሮቦቶች ወረዱ። ካሜራቸው ያሳየውን ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየው፤ ጥቁር ዘይት ቀንና ሌሊት ሲንፎለፎል። ዘይቱ የሉዊዚያናን፣ የሚሲሲፒን፣ የአላባማንና የፍሎሪዳን ዳርቻ አገኘ። የባሕር ወፎች በዘይት ተለወሱ፣ ዓሣና ሽሪምፕ አጥማጆች መረባቸውን ሰቅለው ተቀመጡ።

በግንቦት መጀመሪያ ላይ አንድ ሐሳብ መጣ። 100 ቶን የሚጠጋ፣ ባለ አራት ፎቅ ቤት የሚያህል የብረት ክዳን አዘጋጅተው፣ እንደ አክንባሎ በሚፈሰው ዘይት ላይ ሊደፉት። ከክዳኑ አናት በሚወጣ ቧንቧ ዘይቱን ወደ መርከብ ሊስቡት። ሐሳቡ ጥልቀት በሌለው ውሃ ሠርቶ ያውቃል። እንዲህ ባለ ጥልቀት ግን ተሞክሮ አያውቅም።

ክዳኑ ወረደ። ዘይቱና ጋዙ ወደ ውስጡ ገባ። እዚያ ውስጥ ምን ነበረ? ቀዝቃዛ የባሕር ውሃ። ጋዝ አለ፣ ውሃ አለ፣ ግፊት አለ፣ ብርድ አለ። ምን ይረጋል?

(ለአፍታ ዝምታ)

አዎ፤ ሃይድሬት። እሳት የሚይዘው በረዶ የክዳኑን አናት ደፈነው፤ ቧንቧው ከመሥራቱ በፊት ተዘጋ። ይባስ ብሎ ሃይድሬት ከውሃ ስለሚቀል፣ ያንን ሁሉ ብረት ወደ ላይ ያነሣው ጀመር። ክዳኑን ጎትተው ጎን ላይ አስቀመጡት።

እኔን ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ሐመርሽሚት ሃይድሬትን ከገለጸ 76 ዓመት አልፎት ነበር። ኦርመን ላንገ ሲሠራ ገና ጋዙ ሳይፈስ ግላይኮሉ ተዘጋጅቶለታል። እውቀቱ ነበረ። ለመደበኛው ሥራ ነበር የተዘጋጀው፤ ለአደጋው ቀን ግን በዚያ ጥልቀት የሚያገለግል ዝግጁ መሣሪያ በመጋዘን አልተቀመጠም። ለዚያ ጥልቀት መዘጋጀት የተጀመረው እሳቱ ከተነሣ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ የወረዱት መሣሪያዎች ሜታኖል የሚገባባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ተሠሩላቸው፤ ሜታኖልም እንደ ግላይኮል ሃይድሬትን ይከላከላል። ቀስ በቀስ ከሚፈሰው ዘይት የተወሰነው ወደ መርከብ ይወጣ ጀመር። በሐምሌ ወር ከጉድጓዱ አፍ ላይ ልክ የሚገጥም፣ ቫልቮች ያሉት አዲስ መዝጊያ በሮቦት ተገጠመ። ጁላይ 15 ቀን ቫልቮቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ በ87ኛው ቀን ፍሰቱ ቆመ።

ቆመ ማለት ግን አለቀ ማለት አልነበረም። በጎን በኩል ሌላ ጉድጓድ እየተቆፈረ ነበር። ዓላማው ከባሕሩ ወለል 4 ኪሎ ሜትር ገደማ በታች የመጀመሪያውን ጉድጓድ አግኝቶ በሲሚንቶ መድፈን ነው። ያ ጉድጓድ እዚያ ጥልቀት ላይ የአንድ ሰሃን ስፋት ቢኖረው ነው። የብረት ቧንቧውን መግነጢሳዊ ምልክት እየተከተሉ፣ ትንሽ ቆፍረው እየለኩ፣ ትንሽ ቆፍረው እየለኩ ደረሱበት። ሴፕቴምበር 19 ቀን 2010 ማኮንዶ በይፋ ሞተ ተባለ።

ዛሬ ፍሰቱን እንዳቆመው ያለ መዝጊያ በኖርዌይ፣ በብራዚል፣ በደቡብ አፍሪካና በሲንጋፖር መጋዘኖች ውስጥ ተሠርቶ፣ ተፈትሾ፣ መርከብ እየጠበቀ ተቀምጧል።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይግባ)

ውድ አድማጮች፣ ያቆየሁላችሁ ጥያቄ አለ። በኦርመን ላንገ የባሕሩ ወለል ላይ ያለው ውሃ ከዜሮ ዲግሪ በታች ነው ብያችሁ ነበር። ታዲያ ለምን በረዶ አይሆንም? ፍንጩን እነሆ። ማታ ሁለት ኩባያ ውሃ ውሰዱ፤ በአንደኛው ሁለት ማንኪያ ጨው አሟሙበት፣ ሁለተኛውን እንዲሁ ተዉት። ሁለቱንም ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ጋ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስቀምጡና በየግማሽ ሰዓቱ እዩ። የትኛው ቀድሞ እንደሚረጋ ልጆቻችሁ ይጻፉት። በሚቀጥለው ሳምንት፣ በዚሁ ሰዓት፣ ያያችሁትን ይዛችሁ ጠብቁኝ። ደኅና ሰንብቱልኝ።

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያብቃ)